የኮች ሪሞትና የኔ እልልታ

ልጄ ቅርጫት ኳስ መጫወት ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል፤ እኔ ግን ሕጉን አላውቅም ነበር። የማውቀው ማሊያዋን ማጠብ፣ ጂም ሄጄ መቀመጥና ኳሱ ሲገባ እልል ማለት ብቻ ነው። እጄን ከከንፈሬ በላይ አደርጋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከዚያ በኋላ እዚህ አሜሪካ የምንኖርባት የሲልቨር ስፕሪንግ ሕዝብ ይወቅ። አባቷን ሥራው ስለማያስመጣው የሁለታችንን ድርሻ የምጮኸው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ "ፕሊስ ማሚ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል" አለችኝ። "ይየና!" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ደግማ አላነሣችብኝም፤ እኔም የለመደችው መሰለኝ።

ጨዋታ ማየት ያስተማሩኝ ኮች ናቸው። ኮች የምላቸው ከኛ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሃይስኩል ልጆች ሲያሠለጥኑ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታቸውና ዊልቸር ላይ ዋሉ። እኔ ከኤጀንሲ ተልኬ ሆም ኬር ልሠራላቸው ሄድኩ። ጠዋት በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ከመኪናው ጋር እየተጋፋሁ እደርሳለሁ፤ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርስና መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጃቸው ስትመጣ እወጣለሁ። ስትሮኩ ምላሳቸውንም አክብዶት ስለነበር ቃል አያባክኑም። እኔ ደግሞ የሁለት ሰው ስለማወራ ወዲያው ተስማማን።

የመጀመሪያው ቀን የተቀዳ ጨዋታ ስከፍትላቸው፣ "ድምፁን አጥፊው" አሉኝ። ጆሯቸውን ያማቸው መስሎኝ አጠፋሁት። በማግሥቱም አጥፊው፣ በሳምንቱም አጥፊው። ኳስ ሲገባ በደኅናው እጃቸው ሪሞቱን ተጭነው ያቆሙትና፣ "ምን አየሽ?" ይሉኛል።

"ገባ!" እላለሁ።

"ከዚያ በፊትስ?"

ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ እኔ በምን አውቃለሁ? ወደ ኋላ ይመልሱታል። ኳስ የያዘችውን ሳይሆን ማንም የማያያትን፣ ጥግ ላይ ቆማ ሌላዋን በትከሻዋ የከለለችላትን ልጅ በጣታቸው ያሳዩኛል። አንድ ወር ሙሉ ከዚያ በፊትስ፣ ከዚያ በፊትስ እየተባልኩ ቆየሁ። መጀመሪያ አናደዱኝ፤ አረጋዊ ሰው ላጥብ መጥቼ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። በኋላ ግን ሳላውቀው ዓይኔ ተከፈተ። ገበያ ስሄድ እንኳ ሰልፍ ላይ ማን ማንን እንደገፋ ማየት ጀመርኩ።

ሐምሌ ላይ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሁለት ሴት ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ነበር። አንዷ ነጭ ናት፣ አንዷ ጥቁር። እነሱ ይጣሉ አይጣሉ አላውቅም፤ ሕዝቡ ግን እነሱን ይዞ ተጣልቶ ነበር። ስልኬ ላይ ያሉት የኛው ሰዎች ግሩፖች ሳይቀሩ ጥቁሯን ይዘልፋሉ። "እነዚህ ጥቁሮች ሥርዓት የላቸውም" ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አስታውሳለሁ። ያንን የጻፈው ሰው ፎቶው እዚያው አጠገቡ አለ፤ ከኔ ይጠቁራል። እኔም ያን ጊዜ አንብቤ አለፍኩ እንጂ አልሳቅኩም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኮች ዊልቸራቸው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። እኔም አጋጣሚውን አገኘሁና ድምፁን ከፈት አድርጌ የሁለቱን ጨዋታ ማየት ጀመርኩ። ጥቁሯ በነጯ ላይ ዘልላ አገባችባትና ጎንበስ ብላ መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። አጭር ነሽ፣ አትደርሺብኝም ማለቷ ነው። ኮሜንታተሮቹ ተንጫጩ። ክብር የጎደለው ነገር ነው አሉ፤ ክላስ የላትም አሉ፤ ልጆቻችን ከሷ ምን ይማራሉ አሉ። እኔም ተከትዬ ጮክ ብዬ፣ "ምን ዓይነት ባለጌ ናት!" አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

"ምን አልሽ?" አሉ ኮች። ለካ አልተኙም።

ደነገጥኩና ተረጎምኩላቸው። ያላደገች፣ ከደኅና ቤት ያልወጣች ማለት ነው አልኳቸው። የባለጌ ተቃራኒ ጨዋ እንደሆነ፣ ጨዋ ደግሞ ባገራችን ድሮ ባሪያ ያልሆነ ሰው ማለት እንደነበረ ግን አልነገርኳቸውም። በዓይናቸው እያዩኝ እንዴት ብዬ? አፈርኩ፤ ያን ቀን እንዳፈርኩ ዋልኩ።

እሳቸው አልተቆጡም። ሪሞቱን አነሡና በግራ እጃቸው፣ አንዱን ቁልፍ ፈልገው ሌላውን እየሳቱ፣ የተቀዱትን ጨዋታዎች አንድ ባንድ ይፈትሹ ጀመር። ላግዝዎት ብላቸው ጭንቅላታቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ብዙ ቆይተው ከሁለት ሳምንት በፊት የነበረ ጨዋታ አገኙ። ነጯ ከሌላ ቡድን ተጫዋች ጋር ናት። አገባችባት፣ ጎንበስ አለች፣ መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። ያችው ነገር ናት፤ እንዲያውም የሷ ትብሳለች፣ ወደ ተቀመጡት ተጋጣሚዎቿ ዞራ ደግማዋለች። ኮች ድምፁን ከፈቱት። እነዚያው ኮሜንታተሮች ይስቃሉ። እሳት ናት ይላሉ! ማሸነፍ መፈለግ እንዲህ ነው፣ ልጆቻችን ይህን ወኔ ይማሩ ይላሉ። ኮች መልሰው አጠፉት።

"ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ ቃሉን አንድ ባንድ እያወጡ። "መናገር የጨዋታው አካል ነው። እኔም ወጣት ሆኜ ስጫወት እናገር ነበር። ስለ እጅሽ ይናገሩሽ፣ ስለ ዝላይሽ ይናገሩሽ፣ መልሺላቸው። ስለ ቆዳሽና ስለ እናትሽ ሲሉሽ ግን ያ ጨዋታ አይደለም። እኛን ይሉን ነበር። ዝም፣ ዝም፣ ዝም እንልና አንድ ቀን ስንመልስ የምንባረረው እኛ ነን። ዳኛ ሁልጊዜ የሚያየው ሁለተኛውን ነው።"

እዚያ ቤት በሠራሁባቸው ወራት ይህን ያህል ረጅም ንግግር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ደክሟቸው ውኃ ጠየቁኝ። ለነገሩ ትምህርቱ ገብቶኛል ብዬ ነበር። ፈተናው ቤቴ ድረስ ሲመጣ ግን ወደቅኩ።

ጥር ላይ ነው። ማክሰኞ ልጄ ሜዳችን ላይ ጨዋታ ነበራት፤ እኔም እንደ ልማዴ አረንጓዴ ሻርፔን አድርጌ ስጮኽ ነበር። በመጨረሻው ላይ ልጄ ከሩቅ ሦስት ነጥብ አገባች፤ እልል ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ፊሽካ ተነፍቷል፣ ዳኛው በጣቱ እያሳያት ነው፣ ልጄ ወጥታ ፎጣ ፊቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ምን ሆንሽ ብላት፣ "ናቲንግ" አለችኝ። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቱ ኮል አደረጉልኝና ነይ አሉኝ።

እኔ ያደግኩበት ቤት "ወላጅ አምጪ" ከተባለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። አባቴ ትምህርት ቤት ሲጠራ ልጄ ምን አጠፋች ብሎ ጠይቆ አያውቅም፤ ቀበቶውን እየፈታ ነበር የሚገባው። አሁን ሳስበው ብልሃት ነበረው። ወላጅ በልጁ ላይ ከአስተማሪው አብልጦ ሲከፋ፣ አስተማሪው ራሱ ደንግጦ "ኧረ ይተዋት፣ ልጅ ናት፣ ይብቃት" ብሎ ይገላግላል። ቅጣቱ እዚያው ይቀልላል። ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ልጁም ሳይቀር ያውቀዋል።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። የስፖርቱ ኃላፊ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ነው፤ ልጅሽ ተጋጣሚዋን ክብር በጎደለው ምልክት ሰድባለች፣ መዳፏን እንዲህ አድርጋለች ብሎ ከወረቀት አነበበልኝ። እኔ ቀጥዬ ምን ብል ጥሩ ነው? "ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ። እኔ እንዲህ አላሳደግኳትም። ሥርዓት አጥታለች። የፈለጋችሁትን ቅጧት!" አልኩ፤ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ልጄም ዞሬ ጣቴን ቀሰርኩባት። ከዚያ ይብቃት እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

አላሉም። ጻፉት። ያልኩትን አንድ ባንድ ጽፈው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ አሉኝ። ፈረምኩ። ከሦስት ጨዋታ ታግዳ፣ የቡድኑ ካፒቴንነቷንም ተነጠቀች። ያ መዳፍ ሐምሌ ላይ ከኮች ጋር ሁለት ጊዜ ያየሁት መዳፍ መሆኑ ትዝ ያለኝ ፓርኪንጉ ውስጥ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

መኪና ውስጥ ልጄ በመስኮት እያየች፣ "ማሚ፣ አንዴ እንኳ አስክ አላደረግሽኝም" አለች።

"ምኑን?"

"ናቲንግ። አይ አም ደን። ሰኞ ማሊያውን እመልስላቸዋለሁ። ሁለተኛ አልጫወትም።"

ልጄን አውቃታለሁ፤ ጮኻ ብትናገር ኖሮ አልሰጋም ነበር። ረጋ ብላ ነው ያለችው። ያን ምሽት ማሊያዋን አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀምጣው አየሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አጣጥፋው አታውቅም፤ ከወለል ላይ የምለቅመው እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ጠዋት ለኮች ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠብቀው፣ "ከዚያ በፊትስ ምን አየሽ?" አሉኝ።

"አላየሁም።"

"አልነበርሽም?"

"ነበርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

ከልጄ ጋር የምትጫወት የአንዲት ልጅ አባት አለ፤ ጨዋታውን ሁሉ በስልክ የሚቀርጽ። ቴክስት አደረግኩለት፣ ምሳ ሳይደርስ ላከልኝ። ስልኬን ከኮች የሻይ ኩባያ ጋር አስደግፌ አቆምኩትና፣ ሳይነግሩኝ ድምፁን አጠፋሁት።

ልጄ ስታገባ፣ መዳፏን ዝቅ ስታደርግ አየን። "ወደ ኋላ መልሺው" አሉኝ። መለስኩት። "አሁንም መልሺው።" መለስኩት። ከዚያ በፊት በነበረው ግብ ላይ አቆሙኝ። ልጄ አግብታ ወደ ኋላ እየሮጠች ነው። ከጎኗ የምትሮጠው ተጋጣሚ፣ ፀጉሯ ወርቅማ የሆነ ረጅም ልጅ፣ ፊቷን ወደ ልጄ አዙራ እጇን ከከንፈሯ በላይ አድርጋ ምላሷን ታርገበግበዋለች፣ ዓይኗን ታፈጥጣለች። በሌላ እጇ ብብቷን ትፎክታለች፣ እንደ ዝንጀሮ። ከበላያቸው፣ መቀመጫው ላይ፣ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ሴት ዓይኗን ጨፍና እጇ ከንፈሯ ላይ ነው።

"ይቺ ልጅ ምን እያደረገች ነው?" አሉኝ ኮች።

"እኔን" አልኳቸው።

አለቀስኩ። ለራሴ አልነበረም። ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አየነውና ልጅቷ ይህን ያደረገችው ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ልጄ አይታታለች። ሦስቱንም ጊዜ ወደ መሬት አይታ ሮጣ አልፋለች። አራተኛው ላይ አገባችና መዳፏን ዝቅ አደረገች፤ ዳኛው ያየው ያንን ነው። አልመታቻትም፣ አልሰደበቻትም፣ አጭር ነሽ ብቻ አለቻት። እኔ ከዚያ ወዲያ ሄጄ ሥርዓት የላትም ብዬ ፈረምኩባት።

ኮች ደኅናውን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። "ሦስት ጊዜ ዋጠች" አሉ። "እኔ አንዱን አልውጠውም ነበር። ካፒቴን ማለት እሷ ናት።"

ማታ እራት ላይ ስልኩን ከፊቷ አስቀመጥኩት። አየችውና ቀና አላለችም። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ብነግርሽ ስቶፕ ታደርጊያለሽ።"

"ምኑን?"

"እልል ማለቱን። አይ ኖው ዩ፣ ማሚ። አፍረሽ ቁጭ ትያለሽ።" ስልኩን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ "እኔ ደግሞ ሳገባ እሱን ነው የምሰማው" አለች።

በኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚባል እንኳ አላውቅበትም። እንጀራውን ትቼ እጇን ያዝኩና፣ "አጥፍቻለሁ፤ ሳልጠይቅሽ ፈረድኩብሽ" አልኳት። "ኢትስ ኦኬ" አለችኝ፤ ማሊያው ግን ወንበሩ ላይ እንደታጠፈ አደረ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ የኮችን ምክር ይዤ ነው የሄድኩት፤ ድምፁን አጥፊው፣ አንቺም አትናገሪ፣ እነሱ ይናገሩ ብለውኛል። ለኔ ከዚህ የከበደ ምክር የለም። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ራሴን እያባበልኩ ገባሁ። ልጄ ማሊያውን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሸበቶው ኃላፊ ሊያስረዳኝ ሲጀምር ስልኩን ከፊቱ አስቀመጥኩለት።

"ምን አዩ?" አልኩት ሲያልቅ።

"አገባች። ከዚያ ምልክቱን አሳየች።"

"ከዚያ በፊትስ?"

ወደ ኋላ መለስኩለት። አየ። ደግሜ መለስኩለት። ሦስተኛው ላይ ጆሮው ቀላ። ስለ ቆዳ አልተናገርኩም፣ ስለ ዝንጀሮ አልተናገርኩም። የተጋጣሚዋን እጅ በጣቴ አሳየሁት፤ ቀጥዬ አረንጓዴዋን ሻርፕ አሳየሁትና ያደረግኩትን ሻርፕ ነካሁ። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩት።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። እገዳው ተነሣ፤ ካፒቴንነቱን በሚመጣው ዓመት እናየዋለን አሉ፤ ለዚያኛው ትምህርት ቤት ደብዳቤ እንጽፋለን አሉ። የፈረምኩት ወረቀት ግን ከፋይሉ አይወጣም፤ አንዴ ገብቷል። ይኸው እስካሁን እዚያ አለ፣ ልጄ ሥርዓት እንዳጣች በገዛ እጄ የተፈረመ። ስወጣ ልጄ ፌስታሉን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ከተተችው።

ረቡዕ ጨዋታ ነበር። ሻርፔን አድርጌ ሄድኩ፤ አፌን ግን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ልጄ እንዳለችው ነው የሆንኩት፤ ፈራሁ። እኔ ስጮኽ ሌላዋም ብታላግጥባትስ? ደግማ ብትባረርስ? የመጀመሪያውን አገባች፤ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው አጨበጨብኩ። ወደ ኋላ እየሮጠች ቀና ብላ ወደኔ አየች። ሁለተኛውን አገባች፤ አሁንም አጨበጨብኩ። አሁንም አየችኝ፣ ግንባሯን ቋጥራ።

ሦስተኛውን ከሩቅ ወረወረችው፤ ገባ። ሜዳው መሃል ላይ ቆመች። እጇን ከከንፈሯ በላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አማርኛ ሲያናግሯት ግማሹን በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጄ እልል አለች። አትችልበትም፤ ምላሷ ይያዛል፣ የታነቀች ዶሮ ነው የምትመስለው። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ እሷን አየ፣ ወደኔ ቀና አለ፣ እንደገና እሷን አየ። የሚነፋበትን ምክንያት ሲፈልግ ተነሥቼ ቆምኩና፣ ዓይኔን ሳልጨፍን ተቀበልኳት።

የዚያን ቀን ቪዲዮ ኮች ያዩት ድምፁን ከፍተው ነው።